የአክስቴ ፎንት

የለመዱት ሶፍትዌር ሲሞት ለቅሶ የሚደርስ የለም። ድንኳን አይተከል፣ ንፍሮ አይቀቀል። ቢበዛ አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና «ይህ ፕሮግራም ከእንግዲህ አይሠራም» ትላችኋለች። ከሥሯ «እሺ» የሚል ቁልፍ አላት። «እምቢ» የሚል የላትም።

የአጎቴ ልጅ ፕሮግራመር ነው። አቶም የሚባለውን የኮድ መጻፊያ እንደ ነፍሱ ይወደው ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ላይ ባለቤቱ ጊትሀብ «በታኅሣሥ እዘጋዋለሁ» ብሎ ሲያውጅ ልጁ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ጊትሀብን ማይክሮሶፍት ከገዛው አራት ዓመት ሆኖታል፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባል የራሱ ልጅ አለው። የእንጀራ ልጁ ዕጣ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። «ለዓመታት የሰበሰብኳቸው ፕለጊኖች ሁሉ ገደል ገቡ!» አለኝ በስልክ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በሚመስል ድምፅ።

ስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል እኮ። ስድስት ወር! አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያከራየኝ ሰውዬ ስድስት ቀንም አልሰጠኝ። በዚያ ላይ የአቶም ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለነበር የሚወዱት ሰዎች ወስደው ፐልሳር በሚል ስም አስቀጥለውታል። ይኼ ሞት ከተባለ የተንደላቀቀ ሞት ነው። ስለዚህ «አንተ ዝም በል፣ የአክስቴን ጉድ ብትሰማ» አልኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

አክስቴ ሰቆጣ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የዋግ ኽምራ ሰው ማመልከቻ፣ የሽማግሌ ውል፣ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የቅጥር ደብዳቤ ሲፈልግ ወደ እሷ ይመጣል። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላም ከዝቋላም የወረደ ገበሬ ማር የተቀባ ጣቱን ጠርጎ «እትየ፣ ይቺን ጻፊልኝ» እያለ ደጇ ላይ ይሰለፋል። (የዋግን ማር ያልቀመሰ ካለ ለራሱ ይዘንለት።)

ሥራውን የጀመረችው በታይፕ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ የገጠማቸው ችግር ያው የፊደላችን ብዛት ነበር፤ መኪናው ላይ ያሉት ቁልፎች አርባ ምናምን፣ ፊደሉ ደግሞ ከነዝርያው ከሁለት መቶ በላይ። መፍትሔው ፊደሉን ገነጣጥሎ መቀጠል ነው፤ አካሉን ትመታለህ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትጨምርበታለህ። የአክስቴን የታይፕ ጽሑፍ ያየ ሰው የ«ሌ» ቀለበት ከ«ለ» እግር ትንሽ ሸሸት ብላ እንደምትቀመጥ ያውቃል። ቢሆንም ይነበባል! በደርግ ዘመን የጻፈችው ወረቀት ዛሬም ከመሳቢያዋ ሲወጣ፣ ቢጫ ቢሆንም፣ ይነበባል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ በ1990ዎቹ ኮምፒውተር መጣ። ኮምፒውተሩ ግን አማርኛ አያውቅም። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ነው፤ ከዚያም ላይ ለኮምፒውተሩ ለራሱ የተያዙት ሲቀነሱ ሁለት መቶ ምናምን ይቀራል። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ አይገባበትም። ስለዚህ ከ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ በውጭ ያሉት እነ ዶ/ር አበራ ሞላ፣ እነ ፍሥሐ አጥላው፣ ኋላም አገር ቤት ያሉ ባለሙያዎች በየፊናቸው ዘዴ ፈጠሩ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ያከፋፍለዋል። ሌላው እንደ ታይፑ አካልና ምልክት አድርጎ ይቀጣጥለዋል። ዋናው ተንኮል ግን ሁሉም ጋ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፣ እኛ ደግሞ ፎንቱን አልብሰነው «በ» እናያለን። ማለት፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም። አማርኛው ያለው ልብሱ ላይ ነው።

ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ብራና… በዚያ ዘመን ጽሕፈት ላይ የነበረ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስም የተጠራ ያህል ፈገግ ይላል። አንዱ «ሀ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «ጨ»ን ያስቀምጣል። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ደብዳቤ ስትልክ ፎንቱንም በፍሎፒ አብረህ ትልካለህ። ደብዳቤው የሚነበበው መነጽሩ አብሮት ከመጣ ብቻ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ መድኃኒቱ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ 345 ፊደልና ምልክት። ለዚህ ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ነው። ከዚያ ወዲህ «በ» በዓለም ላይ ባለ ኮምፒውተር ሁሉ «በ» ነው፣ የማንም ልብስ አያስፈልገውም። ግን እናንተዬ፣ በወረቀት ላይ ያለ መድኃኒትና ሰቆጣ ጤና ጣቢያ የደረሰ መድኃኒት ይለያያል። ዊንዶውስ ኤክስፒ አማርኛን ከራሱ አላወቀውም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከነመጻፊያው ከዊንዶውስ ጋር የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቪስታን ደግሞ ማን ተጠቀመው? አክስቴ ከኤክስፒ ንቅንቅ አላለችም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የኤክስፒን ድጋፍ አቆምኩ ሲል እሷ አልሰማችም፤ ብትሰማም «እኔ መች ደግፈኝ አልኩት» ትል ነበር።

የምትጽፍበትን ፕሮግራም ስም አልጠራም። አዘጋጆቹ ዛሬ ላይኖሩ ይችላሉ፣ ቢኖሩም የዘመኑን ችግር በዘመኑ አቅም ፈትተዋልና ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ብቻ አንድ ቀን የኤክስፒው ኮምፒውተር ማዘር ቦርዱ ተቃጠለ። ልጆቿ አዋጥተን ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላክንላት። በደስታ ሲዲዋን አውጥታ ልትጭን ብትል እምቢ። 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ የጥንቱን የ16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሳም፤ የእሷ መጫኛ ደግሞ የዚያ ዘመን ነበር። ትንሿ መስኮት ብቅ አለች። «እሺ»።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ አንባቢዎቼ «ታዲያ ኪማንን አትጭንም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጭነንላታል። ኪማን ራሱ ጥሩ ታሪክ ያለው ነገር ነው፤ አንድ አውስትራሊያዊ ለላኦ ቋንቋ ብሎ የጀመረው፣ ድሮ በገንዘብ የሚሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. ተረክቦት ኋላ ነፃና ክፍት ያደረገው። ግን ጣቷስ? ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱን ቁልፍ ነክታ «ፀ»ን፣ ሌላውን ነክታ «ጸ»ን ያወጣች ጣት በአንድ ቀን ተነሺ ብትባል አትነሳም። በደቂቃ ገጽ ትጨርስ የነበረች ሴትዮ ፊደል እንደሚለቅም የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ሆነች። ደንበኛ ቆሞ ያያታል። አንዱ «እትየ ዓይናቸው ደከመ መሰል» ብሎ ሲንሾካሾክ ሰማች። ያን ቀን ቤቱን ዘግታ ገባች። ማስተካከያው አንድ ነገር ነበር፤ ኪማን የቁልፍ ድርድር ራስህ እንድትሠራ ይፈቅዳል። የአጎቴ ልጅ (አኩራፊው) የአክስቴን የድሮ ድርድር በወረቀት አስሥሎ እንደነበረው መልሶ ሠራላት። ውስጡ ዩኒኮድ፣ ላዩ የድሮው። በሦስተኛው ቀን ቁልፎቹ እንደ ድሮው ይንጣጡ ጀመር።

(አራት ነጥቡ ብቻ አልሆነላትም። አሁንም ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድራ ነው አራት ነጥብ የምታወጣው። ለዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሺህ ጊዜ ነገርኳት። «ሰው ነው የሚያነበው ወይስ ኮምፒውተር?» አለችኝ።)

በነገራችን ላይ፣ ዕቃ ሳይሞት ከሩቅ ስለሆነ ብቻ የሚታጣበትም ጊዜ አለ። ጎግል ኢንፑት ቱልስ የሚባል፣ አማርኛም ትግርኛም የሚያስጽፍ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም ነበረው። አነሳው። ብሮውዘር ላይ ተጠቀሙበት አለ። ጥሩ፣ ኢንተርኔት ላለው ሰው! ኒያላም እንዲሁ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ከመጀመሪያው አልተጫነም፣ «ተጨማሪ» ተብሎ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ «ከኢንተርኔት አውርዱ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያኔ የፎንትና የመጫኛ ፋይል የሚሄደው በፍላሽ ነው፣ በሹፌር ኪስ። አክስቴ እስካሁን አንድ ፍላሽ በአንገቷ ክር ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች።

ሰቆጣ ድሮ የአሞሌ ገበያ እንደነበረች ታውቁ ይሆናል። ከአፋር የመጣ ጨው እየተራገፈ፣ ጨውም ዕቃ ሆኖ ጨውም ገንዘብ ሆኖ የሚያገለግልባት ከተማ። ኋላ ብር ሲነግሥ አሞሌ ከገንዘብነት ወረደ። ያኔም ቤቱ አሞሌ የቆለለ ሰው «ምነው ስድስት ወር እንኳ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ» ብሎ ይሆናል። ግን እሱ ቢያንስ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። የማይከፈት ፋይል ምን ውስጥ ይጨመራል?

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ። ይህን ሁሉ ያስቀባጠረኝ የእሳቸው ነገር ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የደሃና ሰው። በ1990ዎቹ በኽምጣና ቋንቋ የሚነገሩ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና የዕፅዋት ስሞችን ከሽማግሌ አፍ እየለቀሙ በደብተር ጽፈው፣ አክስቴ ጋ አምጥተው በ1997 ዓ.ም. አስጽፈውት ነበር። አንድ ቅጂ አትመው ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጡ፤ እዚያ የት እንደገባ አይታወቅም። ደብተሩ ቤታቸው ነበር። በ2013 እና 14ቱ ጦርነት ቤታቸውን ጥለው ወጡ፣ ሲመለሱ በሩም ደብተሩም የለም። «አይዞኝ፣ እትየ ጋ በኮምፒውተር አለ» ብለው ተጽናኑ። ፋይሉ በእርግጥ አለ። አክስቴ ሲዲ ላይ ገልብጣ፣ በአንሶላ ጠቅልላ ከቤት ዕቃ ጋር ይዛው ተሰዳለች።

ከፈትነው። የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የፈረንጅ ፊደል፣ መደመር፣ መቀነስ። አርባ ሦስት ገጽ።

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና «ይኼ የማን ቋንቋ ነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ፎንቱን ራሱን ማግኘት አልከበደም፤ ፕሮግራሙ ባይነሳም ከሲዲው ላይ የፎንት ፋይሉ ብቻውን ተገልብጦ ይጫናል። ስንጭነው ጽሑፉ ብቅ አለ። አክስቴ እልል ልትል ነበር። እኔ ግን በዚህ እንዳንቆም ፈራሁ። ነገ ሌላ ኮምፒውተር ይመጣል፣ ሲዲ የሚያነብ ማሽንም እየጠፋ ነው፣ ልብሱን የጣለ ቀን ፋይሉ መልሶ ዶላርና ቅንፍ ነው። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ልንቀይረው ተነሳን። የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዳር በስልክ፣ እኔ እዚህ በእስክሪብቶ፣ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ ሠራን። ይቺ ሥራ ቀላል ትመስላለች። አይደለችም። ለምሳሌ «ሌ» በሁለት ምልክት የተሠራች ከሆነ መጀመሪያ ጥንዱን መለወጥ አለብህ፤ «ለ»ን ብቻውን ከቀየርከው ቀለበቷ ወላጅ አልባ ሆና ትቀራለች። ደግሞ ጽሑፉ መሐል በትክክል በእንግሊዝኛ የተጻፉ የዕፅዋት ሳይንሳዊ ስሞች አሉ፤ ከፎንቱ መለያ ጋር ካልለየሃቸው እነሱም አብረው «አማርኛ» ይሆናሉ። አንድ ዛፍ «ጨቸሽቱ» ሆኖ ወጣ። መምህሩ «እንዲህ ያለ ዛፍ ዋግ ውስጥ የለም» አሉ በጣም በቁም ነገር።

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አለቀ ስንል ዋናው ችግር መጣ።

እንደሌሎቹ የአገው ቋንቋዎች ኽምጣናም በአፍንጫ የሚወጣ፣ አማርኛ የሌለው አንድ ድምፅ አለው። ዩኒኮድ ውስጥ ለዚህ እንደ «ጘ» ያለ ፊደል አለ። በአክስቴ ፎንት ግን አልነበረም። በ1997 እሷና መምህሩ የዘየዱት ዘዴ ይኼ ነበር፤ «ኘ» ብላ ትጽፍና፣ ከታተመ በኋላ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከላዩ ነጥብ ያደርጉበታል። ያኔ ብልህ ዘዴ ነበር። ቀዩ ነጥብ ግን ያለው የት ነው? ወረቀቱ ላይ። ወረቀቱ የት ነው? እንግዲህ…

ፋይሉ ውስጥ እውነተኛው «ኘ» እና ሐሰተኛው «ኘ» አንድ ናቸው። የትኛውም መቀየሪያ ፕሮግራም፣ የትኛውም የባሕር ዳር ልጅ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው መምህሩ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል፣ ከስክሪን አንድ መስመር ካነበቡ ውኃ ያቀርራል።

ስለዚህ አነበብኩላቸው። እኔ ቋንቋውን አልችልም። አያቴ ትችል ነበር፤ እናቴ ትሰማለች እንጂ አትመልስም፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሰላምታና ሁለት ስድብ ቀርቷል። ጋዜጠኝነት ስማር አራት ዓመት ስለ ሰው ድምፅ ሲያስተምሩኝ ይቺን አላነሱልኝም። እና አርባ ሦስት ገጽ ሙሉ የማላውቀውን ቋንቋ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «ኘ» ላይ ስደርስ እቆማለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ለራሳቸው ይሉታል፣ አንዴ ሁለቴ፣ ከዚያ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። በአፍንጫ ነው። ወይም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አይደለም። አክስቴ ከጎኔ ሆና ትጽፋለች፣ «ጘ»ዋን ድርድሩ ላይ ጨምረንላት ስለነበር አሁን በአንድ ቁልፍ ታወጣዋለች። «ይቺን ያኔ ብትኖረኝ» አለች አንዴ፣ ለማንም ሳይሆን።

አንዳንዱ ተረት ላይ መምህሩ ይስቁና ሥራው ይቆማል። እኔ ያነበብኩትን መልሰው ለእኔ በአማርኛ ይተርኩልኛል። የጅቡንና የመነኩሴውን ሲነግሩኝ አክስቴ ሰምታው አታውቅም ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት በጣቷ ጽፋዋለች፣ ግን ትርጉሙን አልጠየቀችም። «ገጹን እንጂ ነገሩን መች አየሁት» አለች።

በአራተኛው ቀን ጨረስን ማለት ይቻላል። አሥራ አንድ ቃል ቀረ። ሁሉም የዕፅዋት ስም ናቸው፣ ከአንዲት ባልቴት የለቀሟቸው፤ መምህሩ አሁን በአፍንጫ ይሁኑ በላንቃ እርግጠኛ አይደሉም። «ልገምት?» አሉ። ከዚያ ራሳቸው መልሰው «አልገምትም» አሉ። ባልቴቷ ዐርፈዋል። ልጃቸው ግን አምደ ወርቅ አካባቢ እንዳለች ሰምተዋል።

አክስቴ አሥራ አንዱን ቃል በትልልቅ ፊደል፣ ከእያንዳንዱ ጎን ባዶ ሳጥን አድርጋ፣ በአንድ ወረቀት አተመችላቸው። መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ከዚያ መለስ ብለው ቀይ እስክሪብቶ አላት ወይ ብለው ጠየቋት።